ይድረስ ቤይሩት ላስቀመጡኝ ለአቶ ጃመር

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ጃመር፣ ለስልክ ቦታውን የሚነግረው የጂፒኤስ ሞገድ አፋኝ መሣሪያ፣ የስልኬ አሳሳች።

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከአድራሻዬ ናፍቆት በስተቀር በጣም ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ እስራኤል፣ ሐይፋ ካለው ቤቴ ነው። ስልኬን ከጠየቁት ግን ቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ ቆሜ ነው። ሻንጣ የለኝም። ቪዛ የለኝም። የያዝኩት ሠላሳ እንጀራ ነው።

የሚያውቁኝ አይመስለኝም። እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ ሥራዎ ከሚሳኤልና ከድሮን ጋር ነው። እኔ ከአንዲት ትንሽ የሐበሻ ሱቅ እንጀራና በርበሬ ለየቤቱ የማደርስ ሹፌር ነኝ። የጋዛው ጦርነት በጥቅምት 2023 ከጀመረ በኋላ ነው የተዋወቅነው። ዘመኑን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ እዚህ አገር በዕብራይስጡ ላይ የኛን ከጨመርኩበት አብዳለሁ። አንድ ጠዋት ስልኬን ስከፍት ካርታው ላይ ያለሁበትን የምታሳየው ሰማያዊ ነጥብ ባሕር ላይ ተንሳፍፋለች። ጥቂት ቆይታ ድንበር ተሻገረች። ከዚያ ቤይሩት ማኮብኮቢያው ላይ ሄዳ ተዘረጋች። ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ፣ ያለ ፓስፖርት፣ ያለ ቤንዚን። ደቡብ ያሉትን ደግሞ ካይሮ ድረስ እንደሚወስዷቸው ሰምቻለሁ። ቢያንስ ፒራሚድ ያያሉ።

የዚያን ዕለት ሐይፋ አጠገብ ኪሪያት ያም ያሉ አንዲት እማማ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ የት ደረስክ?»

«እማማ፣ ስልኩ ቤይሩት ነህ ይለኛል።»

«ቤይሩት! እዚያም እንጀራ አዘዙ?»

«ኧረ አላዘዙም።»

«ታዲያ ምን ትሠራለህ? ቶሎ ና እንጂ፣ እንግዶቼ ቁጭ ብለዋል።»

እማማ ካርታ አያነቡም። «ከዳቦ ቤቱ ወረድ በል፣ ሰማያዊውን በር እለፍ፣ ከዚያ ሰው ጠይቅ» አሉኝ። ወረድኩ፣ አለፍኩ፣ ጠየቅኩ፣ ደረስኩ። ልብ ይበሉ፣ ለዚህኛው ዘዴ እስካሁን ማፈኛ አላወጡለትም።

ሥራዎን ትንሽ አጥንቻለሁ። መንገድ ስስት ብዙ ጊዜ አገኛለሁ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይዞራሉ። እያንዳንዳቸው የአቶም ሰዓት ይዘው «ሰዓቱ ይህ ነው፣ እኔ ያለሁት እዚህ ነው» እያሉ ይጣራሉ። ስልኬ ቢያንስ የአራቱን ድምፅ ይሰማል፣ የየአንዳንዱ ድምፅ ለመድረስ የፈጀውን ጊዜ ያሰላል፣ ቦታዬን ያውቃል። ስሌቱ በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ከተዛባ 300 ሜትር ይስታል። ሌላ ሰፈር ማለት ነው። ታዲያ ያ ድምፅ እኛ ጋ ሲደርስ በጣም ደክሞ ነው፤ ከማዶ ተራራ ላይ ሆኖ እንደሚያንሾካሹክ ሰው። እርስዎ ደግሞ ጆሮዬ ሥር ቆመው ይጮኻሉ። አለቀ። በቢሊዮን ዶላር የተሠራውን ነገር በጩኸት መርታት፣ ሙያዎ ይኸው ነው።

መጮኹስ ባልከፋ። ያኔ ስልኬ «አላውቅም» ብሎ ዝም ይላል። ያንገበገበኝ ሁለተኛው ሙያዎ ነው። የሳተላይቶቹን ድምፅ አስመስለው የውሸት ሰዓት ይናገራሉ፣ ስልኬም አምኖ ይቀበልዎታል። እኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው ችሎት ላይ ሲቆም የሐሰት ምስክር ይባላል። እርስዎን ግን የመከላከያ ሥርዓት ይሉዎታል።

ለነገሩ ቤተሰባችን ከእርስዎ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። ጎንደር ሳለን አባቴ ማታ ማታ ሬዲዮኑን ታቅፎ አጭር ሞገድ ላይ ጣቢያ ሲያሳድድ ያመሽ ነበር። በ31 ሜትር ሞገድ ሲያፍኑት ወደ 25 ሜትር ይሸሻል፣ እዚያም ተከትለው ሽሽሽ ይሉበታል። «ጃም አደረጉት!» ይልና አንቴናውን እንደ ጥፋተኛ ልጅ ይቆነጥጠዋል። በ2010 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ አቅሙ ሲሟላ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት እንደሚያሳፍኑ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ያኔ የሚያፍኑብን ዜና ነበር። ዛሬ የቆምኩበትን ቦታ ሆኗል። እድገት ነው፤ እንኳን ደስ አለዎት።

እውነቱን ለመናገር አፌን ሞልቼ ልረግምዎ አልችልም። ሚያዝያ 13 ቀን 2024 ለሊት ኢራን ከ300 በላይ ድሮንና ሚሳኤል ስትልክ እኔም እንደ ሰዉ ሁሉ ሰማይ ሰማይ ሳይ ነው ያደርኩት። ማን ያውቃል፣ ከድሮኖቹ አንዱን መንገድ ያሳተው የእርስዎ ጩኸት ሊሆን ይችላል። እሱን ከሆነ እግዜር ይስጥልኝ። ባሊስቲክ ሚሳኤሉ ግን ፍጥነቱንና አቅጣጫውን በሆዱ እየቆጠረ ነው የሚመጣው፤ ሳተላይት ሰማ አልሰማ ግድ የለውም። ስለዚህ ሚሳኤሉ አድራሻዬን ያውቀዋል። የማላውቀው እኔ ነኝ።

ጭራሽ ፒኩድ ሃኦሬፍ፣ የእስራኤል ጦር የሲቪል መከላከያ ክፍል፣ ሕዝቡን በማንቂያው መተግበሪያ ላይ ከተማችሁን በእጃችሁ ምረጡ ብሎ መከረ። አለዚያ ሚሳኤሉ ወደኔ ሲመጣ ስልኬ ቤይሩት ነኝ ብሎ ጸጥ ሊል ነው። ሐይፋን ፈልጌ መረጥኩ። በሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን የት እንዳለሁ ለስልኬ የምነግረው እኔ ሆንኩ።

ኑሮዎ እዚህ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። እርስዎ ግን ዓለምን ዞረዋል። በ2017 ጥቁር ባሕር ላይ ከሃያ በላይ መርከቦችን ከባሕር አንስተው ጌሌንጂክ የሚባል የሩሲያ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አቁመዋቸዋል። ካፒቴኖቹ ግራና ቀኝ ሲያዩ ውኃ ነው፣ ካርታው አስፋልት ነው ይላል። በ2024 ሚያዝያ መጨረሻ የፊንላንዱ አየር መንገድ ፊንኤር ወደ ኢስቶኒያዋ ታርቱ የሚያደርገውን በረራ ለአንድ ወር አቆመ። ምክንያቱ እርስዎ ነዎት። እዚያ ያሉ መንግሥታት ጣታቸውን ወደ ሩሲያ ይቀስራሉ፣ ሞስኮ እኔ የለሁበትም ትላለች። ይህን ጠባይዎን ነው ትልልቆቹ የሚወዱልዎ። ጥይት ቀለህ ይጥላል፣ ቦምብ ስብርባሪ ይተዋል። እርስዎ ሲጠፉ የሚቀረው ተሳስቶ የቆመ ሰው ብቻ ነው። በመጋቢት 2025 በተባበሩት መንግሥታት ሥር ያሉት የቴሌኮሙኒኬሽን፣ የአቪዬሽንና የባሕር ትራንስፖርት ድርጅቶች ሦስቱ በአንድነት ጉዳይዎ እጅግ እንዳሳሰባቸው መግለጫ አውጥተዋል። መቼም ክፉኛ ደንግጠው ይሆናል።

ዩክሬን ላይ ደግሞ ያደረጉትን ሳስብ ሳቄ ይመጣል። በጂፒኤስ የሚመራው ኤክስካሊበር የሚባለው የአሜሪካ የመድፍ ጥይት ኩራቱ ኢላማ አለመሳት ነበር። እርስዎ ሲጮኹበት መሳት ጀመረ። ድሮኖቹንም ከአብራሪዎቻቸው ቆራረጧቸው። ሰዎቹ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ድሮኑን እንደ ፍየል በገመድ አሰሩት! ከፀጉር ብዙም የማይወፍር የፋይበር ክር ጠቅልለው ይጭኑበታል፣ እየበረረ ኪሎ ሜትሮች ሙሉ ይተረትረዋል። ትእዛዙ በክሩ ነው የሚሄደው፤ ሬዲዮ የለውም፣ ስለዚህ የሚታፈን የለውም። ማሳው የሸረሪት ድር መስሏል። ስንት ሊቅ የደከመበት ዘመናዊ ጦርነት ዞሮ ዞሮ ክር ላይ ደረሰ። እኔ ግን እንጀራዬን በክር አስሬ ኪሪያት ያም ልልክ አልችልም።

አሁን ትንሽ ቀልዱን ላቁም። ይህ ጂፒኤስ መጀመሪያ ለእኛ እንዴት እንደተሰጠን ያውቁ ይሆናል። መስከረም 1 ቀን 1983 የደቡብ ኮሪያ መንገደኛ አውሮፕላን መስመሩን ስቶ ሶቪየት ሰማይ ውስጥ ገባ፣ መትተው ጣሉት፣ 269 ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ ነው ፕሬዚዳንት ሬገን ጂፒኤስ ሲጠናቀቅ ለሲቪሉም ክፍት እንደሚሆን ያስታወቁት። አሜሪካኖቹ እስከ ግንቦት 2000 ድረስ ለእኛ የሚደርሰውን ሆን ብለው ያደበዝዙት ነበር፤ እሱንም ተዉት። መንገደኛ መንገድ ስቶ እንዳይሞት ነበር ነገሩ። ታኅሣሥ 25 ቀን 2024 ከባኩ ወደ ሩሲያዋ ግሮዝኒ የሚበር የአዘርባጃን አውሮፕላን አብራሪዎች ጂፒኤሳቸው መጥፋቱን ተናገሩ። እርስዎ ሥራ ላይ ነበሩ። አውሮፕላኑ እዚያው ሰማይ ላይ ተመታ፣ የካስፒያንን ባሕር ተሻግሮ ካዛክስታን ውስጥ አክታው አጠገብ ወደቀ። ከ67 ሰዎች 38ቱ ሞቱ። ያኛው መንገድ ስቶ ሞተ። ይህኛው ከእርስዎ ቀጥሎ የመጣው ሚሳኤል ነው የገደለው፤ ግን እርስዎ ያሉበት ሰማይ ላይ ማን በሰላም ይበራል?

እንግዲህ ብዙ አላስቸግርዎም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ጠላት ሲመጣ ይጩኹ፣ አልከለክልም። ሲሄድ ግን እባክዎ ትንፋሽ ይውሰዱ። ባለፈው ተኩስ አቆሙ ተብሎ ሁለት ቀን ሙሉ ባሕር ላይ አቆዩኝ። ድሮን የለ፣ ሚሳኤል የለ። ያ ሁሉ ጩኸት ለእኔና ለሠላሳ እንጀራዬ ነበር? ደግሞ የግድ መላክ ካለብዎ ቤይሩት በቃኝ፣ ማኮብኮቢያውን ተሰላችቻለሁ። ጎንደር ያድርጉልኝ። ፒያሳ ቢሆን ደስ ይለኛል። ለአሥር ዓመት ያላየሁትን አገር ሰማያዊዋ ነጥብ ብታየው ምን ይላታል?

አክባሪዎ፣
የእንጀራ አመላላሹ
ከቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ፣ ማለትም ከሐይፋ

ማስታወሻ፦ እማማ ሰላም ብለውዎታል። እንጀራው ደርሷቸዋል፣ ትንሽ ደርቋል ብለዋል።