ካልኩሌተር ይዞ ባትሪ ገበያ

መብራት ሲጠፋ ዋይፋይና ሁለት አምፖል የሚያቆይ ባትሪ መግዛት የፊዚክስ ፈተና መሆን ነበረበት? በእናታችሁ!

ቴሌግራም ላይ አንዱ "50,000 ሚሊአምፒር፣ ኦሪጅናል" ብሎ ይለጥፋል። ሌላው "ባለ 100 አምፒር ባትሪ አለን" ይላል። ሦስተኛው "500 ዋት" ይልና ዝም ነው። አራተኛው ደግሞ "1 ኬቪኤ ነው፣ ቤቱን ሙሉ ይችልልሃል ወንድሜ" ይለኛል። እኔ ማወቅ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ውስጡ ስንት ኃይል አለ? አራቱም ይህን አይነግሩኝም። ወይ ግማሹን ይነግሩኛል፣ ወይ ያልጠየቅኩትን ይመልሱልኛል።

ኧረ ቤታችን ያለው ቆጣሪ እንኳ የሚቆጥረው በአንድ ነገር ብቻ ነው፣ በኪሎዋት ሰዓት። 1,000 ዋት የሚበላ ዕቃ 1 ሰዓት ሲሠራ 1 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል፣ አለቀ። ባትሪውም በዚያው ቢጻፍ ምን ይጎድላል?

ይጎድላል እንጂ! ትልቁ ቁጥር ይጎድላል።

እስቲ አብረን እናባዛ። ፓወር ባንክ ውስጥ ያለው ሴል ብዙ ጊዜ 3.7 ቮልት ነው። 50,000 ሚሊአምፒር የሚሉት፣ "ሰዓት" የምትለዋን ውጠው፣ 50 አምፒር ሰዓት ነው፤ በ3.7 ሲባዛ 185 ዋት ሰዓት ይሆናል። ያ "100 አምፒር" የተባለው ትልቁ ባትሪ ደግሞ 12 ቮልት ነው። 100 በ12፣ 1,200 ዋት ሰዓት። አያችሁ? 100 የሚለው 50,000 ከሚለው ከ6 እጥፍ በላይ ይይዛል። ቮልቱን ሳይናገሩ ሚሊአምፒር ብቻ መጥራት "20 ከረጢት ጤፍ አለኝ" ብሎ የከረጢቱን ልክ መደበቅ ነው። ገዢው ምን ያድርግ፣ ዜሮ የበዛበትን ያነሳል።

በዚህ ላይ የተለመደው የፓወር ባንክ ገመድ ለስልኩ የሚሰጠው 5 ቮልት ነው። 3.7 የነበረው ወደ 5 ከፍ ሲል አምፒሩ ይወርዳል። ስለዚህ 20,000 የተባለው 5 ቮልት ላይ 14,800 ይሆናል፣ ያውም በሙቀት የሚባክነው ገና ሳይቀነስ። "ስልኬን አራቴ ይሞላል ብለኸኝ አልነበር?" ብላችሁ ከሻጭ ጋር የተጨቃጨቃችሁ ሁሉ፣ እሱም አያውቀውም፣ ማሸጊያው ላይ ያለውን ነው ያነበበላችሁ። ባለ 100 አምፒሩም ቢሆን እንደ መኪና ባትሪ ሊድ አሲድ ከሆነ፣ ከግማሽ በታች ባወረዳችሁት ቁጥር ዕድሜው ያጥራል። በተግባር 600 ዋት ሰዓት ብላችሁ ያዙት።

"500 ዋት" የሚለው ደግሞ ይባስ ነው። ዋት የሚናገረው በአንዴ ምን ያህል ማውጣት እንደሚችል ነው። ለስንት ሰዓት? ዝም። "1 ኬቪኤ" የሚለውም ያው በአንዴ የሚወጣውን ነው የሚናገረው። ይሄ መደበላለቅ እኮ ፌስቡክ ላይ በሕዳሴ ግድብ ጭቅጭቅም አለ። 5,150 ሜጋዋት ማለት ተርባይኖቹ ሁሉ በአንዴ ሲሠሩ የሚሰጡት አቅም ነው። አንዱ ብድግ ይልና በ8,760 ሰዓት አባዝቶ "በዓመት ከ45,000 ጊጋዋት ሰዓት በላይ!" ይላል። የታቀደው ግን ከ15,000 ትንሽ ከፍ የሚል ነው፤ ዓባይ ዓመቱን ሙሉ እንደ ነሐሴ አይሞላማ። ይሄን ስትነግረው ባንዳ ትባላለህ። ኧረ ሂሳብ ነው የሠራሁት ወንድሜ!

ኤርፖርት ስትሄዱ ደግሞ መለኪያው ይቀየራል። የአውሮፕላን ሕግ የሚያውቀው ዋት ሰዓት ነው። ያለ ልዩ ፈቃድ እስከ 100 ዋት ሰዓት፣ እሱም በእጅ ሻንጣ። ፓወር ባንኩ ላይ ግን በትልቁ የተጻፈው ሚሊአምፒር ነው፤ ዋት ሰዓቱ ካለም ከጀርባ በደቃቁ ነው። ብዙ ትልልቅ ፓወር ባንኮች 26,800 ላይ የሚቆሙት ለምን መሰላችሁ? በ3.7 አባዙት፣ 99 ነው የሚመጣው። ፋብሪካዎቹ ሂሳቡን አሳምረው ያውቁታል ማለት ነው! ለእኛ ሲሸጡ ነው የሚጠፋቸው።

ድሬዳዋና ሰመራ ያላችሁ ደግሞ የኤሲ ጣጣ አለባችሁ። "12,000 ቢቲዩ" ይባላል። አንድ ቢቲዩ አንድ ፓውንድ ውሃን በአንድ ዲግሪ ፋራናይት የሚያሞቅ ሙቀት ነው። ድሬዳዋ ላይ ማን ነው በፓውንድና በፋራናይት የሚኖረው? "በሰዓት" የምትለዋንም ይውጧታል። 12,000 ቢቲዩ በሰዓት ወደ 3.5 ኪሎዋት ነው፤ እሱም ከክፍሉ የሚያስወጣው ሙቀት እንጂ ከቆጣሪ የሚበላው አይደለም። የሚበላው 1 ኪሎዋት አካባቢ ነው። ሻጩን "ስንት ይበላል?" በሉት፣ "12,000" ይላችኋል። የውሃ ፓምፑ ደግሞ በፈረስ ጉልበት ነው፣ አንዱ ፈረስ 746 ዋት። እሱን እንኳ ተውት።

የሚያበሽቀኝ ጉዳዩ ድሮ ያለቀ መሆኑ ነው። ጀምስ ጁል የሚባል እንግሊዛዊ በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ታች በሚወርድ ክብደት ውሃ ውስጥ መቅዘፊያ እያሽከረከረ፣ ውሃው ምን ያህል እንደሞቀ ለካና ሥራና ሙቀት አንዱ ወደ ሌላው እንደሚመነዘሩ አሳየ። በ1948 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዓለም አቀፉ የመለኪያ ጉባኤ የሙቀትም መለኪያ ጁል ይሁን አለ። 1 ኪሎዋት ሰዓት 3.6 ሚሊዮን ጁል ነው። 1 ኪሎካሎሪ 4,184 ጁል ነው። ሁሉም ይመነዘራል፣ ሁሉም ይወዳደራል። ለምሳሌ 100 ግራም ብስኩት 480 ኪሎካሎሪ ገደማ አለው፣ ጂም የሚመላለሱት ሰዎች "ካሎሪ" እያሉ የሚቆጥሩት ይሄንኑ ነው። ወደ 560 ዋት ሰዓት ይመጣል። "50,000" ከተባለው ፓወር ባንክ 3 እጥፍ! የሰፈር ሱቅ ብስኩት! ብስኩቱ ግን ቢያንስ ማሸጊያው ላይ በግልጽ ተጽፎለታል።

ስለዚህ ሻጮች፣ ዋት ሰዓቱን ጻፉልን። አንድ መስመር ነው። ቮልቱን በአምፒር ሰዓቱ አባዙና ጻፉ፣ ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር አለ። በትክክል የተለካ 300 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡ፣ ከነዋጋው። "ዋጋ በኢንቦክስ" የምትሉ አትድከሙ።