የተፈተነው ሳይረኑ ብቻ ነው

የአትላንቲክ የሄሪኬን (የከባድ አውሎ ነፋስ) ወቅት በየዓመቱ ጁን 1 ይገባል (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ከዚያ በፊት አሜሪካ ውስጥ የማስጠንቀቂያ ሥርዓቱ ይፈተሻል። መልእክቱ ይላካል፣ "ይህ ሙከራ ነው" ይላል፣ ደረሰ ከተባለ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል።

ሙከራው ይደረግ። ግን በእኔ እምነት የሚፈትሸው ቀላሉን ክፍል ነው።

የሃዋይዋን ደሴት የማዊን ነገር ተመልከቱ። ሃዋይ ሳይረኖቿን በየወሩ የመጀመሪያ የሥራ ቀን ታስጮኻለች። ኦገስት 8 ቀን 2023 የማዊዋ ላሃይና ከተማ በእሳት ተያያዘች። ሄሪኬን ዶራ በስተደቡብ ርቆ እያለፈ ነበር፤ ንፋሱ ለጉድ ነው። በደሴቲቱ ካሉት 80 ያህል ሳይረኖች አንድም አልጮኸም። 100 ገደማ ሰው ሞተ።

ቁልፉን የተጫነ ሰው አልነበረም። የአደጋ ጊዜ ኃላፊው ሄርማን አንዳያ በኋላ ሲጠየቁ፣ ሕዝቡ ሱናሚ መስሎት ወደ ተራራው፣ ማለትም ወደ እሳቱ ይሮጣል ብለው መስጋታቸውን ተናገሩ። በማግስቱም ሥራቸውን ለቀቁ። ውሳኔያቸውን አልደግፍም። ስጋታቸው ግን ያስደነግጣል። በየወሩ የሚጮኽ ሳይረን ነው፤ ሲጮኽ ሰው ምን እንደሚያደርግ ግን ኃላፊው እንኳ እርግጠኛ አልነበሩም።

ሄሪኬን እንደ እሳት ድንገት አይደርስም። "ሊመጣ ይችላል" የሚለው "ዋች" ኃይለኛው ንፋስ ይጀምራል ከተባለበት 48 ሰዓት ቀድሞ፣ "ይመጣል" የሚለው "ዋርኒንግ" 36 ሰዓት ቀድሞ ይወጣል። መኪና ያለው ይሄዳል። የሌለውስ? በጁላይ 2004 ሉዊዚያና ውስጥ ባለሥልጣናት "ፓም" በተባለ ምናባዊ ሄሪኬን ልምምድ አድርገው ነበር። መኪና የሌለው ብዙ ሰው ኒው ኦርሊንስ ውስጥ እንደሚቀር ያኔ ታውቋል። በዓመቱ ካትሪና መጣች፤ ብዙዎቹ የቀሩትም እነሱው ነበሩ።

የእኛ ሰው ብዙ ወዳለባት ሂውስተን እንምጣ። በጁላይ 2024 ቤሪል ስትመታት ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት ጠፋባቸው። መብራት የት እንዳለ የሚያሳየው የኤሌክትሪክ ኩባንያው ካርታ አይሠራም ነበር። ሰው የበርገር ቤቱን የዋታበርገርን አፕ ከፍቶ የትኛው ቅርንጫፍ ክፍት እንደሆነ እያየ ይገምት ጀመር። ያስቃል፣ ያበሳጫልም። መብራት ባለበት ቀን የተደረገ ሙከራ ይህን ከየት ያውቀዋል?

ቋንቋም አለ። የቴሌኮም ተቆጣጣሪው ኤፍሲሲ በ2023 የስልክ ማስጠንቀቂያ ከእንግሊዝኛ ሌላ በ13 ቋንቋዎች እንዲዘጋጅ ወስኗል። አማርኛ የለበትም። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የመጡ እናት ስልካቸው ሲጮኽ ማንን ይጠይቁ? ልጅየው ፈረቃ ላይ ነው።

ስለዚህ ከተሞቹ ከሙከራው በኋላ ሰዉ ጋ ይደውሉ። ደረሰዎት? እውነት ቢሆን ወዴት ይሄዱ ነበር? ከሚጠየቁት ውስጥ ሌሊት የሚሠራ፣ መኪና የሌለው፣ እንግሊዝኛ የማያነብ ይኑርበት። እኛም አማርኛ እስኪጨመር መጠበቅ የለብንም። ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ ዕድሩ የአባላቱን ስልክ ይዟል። ሜይ ላይ አንድ ቅዳሜ ይመደብ። ማን ለማን እንደሚደውል፣ የማን መኪና ትርፍ ቦታ እንዳለው ይጻፍ፤ ከዚያ ሳይነገር አንድ ምሽት ይደወል።