ማሽላው ሲወይብ ዘሩን እንውቀስ ወይስ አፈሩን?

ክረምቱ ሲጋመስ ቆቦ ሜዳ ላይ አንድ የቆየ ክርክር ይነሳል። የአንዱ ሰው ማሽላ ጥቁር አረንጓዴ ሆኗል። የድንበርተኛው ወይቧል። ባለማሳው «ዘሩ ነው፤ የሰጡኝ ዘር ደካማ ነው» ይላል። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ደግሞ «ዩሪያውን አሳንሰውት ነው» ይላቸዋል። ሁለቱም ግትር ናቸው። ብዙ ጊዜ ማሳው ሳይፈተሽ ክርክሩ ያልቃል፤ ማሽላውም እንደወየበ ይታጨዳል።

ነገሩ የወሎ ብቻ አይደለም። ካናቢስ ማብቀል በሕግ በተፈቀደባቸው አገሮችም አብቃዮች በዚሁ ይነታረካሉ። ቅጠሉ ማግኒዚየም እንዳጣ ሲነጣ አንዱ «የዝርያው ጠባይ ነው» ይላል፤ ሌላው «የውሃህን ፒኤች (አሲዳማነቱን) ለካ» ይለዋል። እኛ አገር ተክሉ የተከለከለ ስለሆነ እሱን እንተወው። ጥያቄው ግን ለማሽላም ለስንዴም ያው ነው። የንጥረ ነገር እጥረት በዘር ሊመጣ ይችላል?

ይችላል። ግን «ዘሩ ነው» የሚባለው ሌላው ሁሉ ከታየ በኋላ መሆን አለበት ባይ ነኝ። ዘሩን የሚያከፋፍለው ክፍልም ከዚህ ጥያቄ ነፃ አይደለም፤ እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ብረትን እንውሰድ። አፈር ውስጥ ብረት ሞልቷል። ኖራ በበዛበት አፈር ግን አይሟሟም፣ ሥር ሊወስደው አይችልም። የሣር ወገን የሆኑ እህሎች ለዚህ መላ አላቸው። ሥራቸው ብረቱን ይዞ የሚያሟሟ ንጥረ ነገር ወደ አፈሩ ይለቃል፤ ብረቱን ከያዘ በኋላ መልሶ ያስገባዋል። ችሎታው ታዲያ እኩል አይደለም። ገብስ አንደኛ ነው። ስንዴ ይከተላል። በቆሎ ያንሳል፣ ማሽላ ከበቆሎም ያንሳል፣ ሩዝ መጨረሻ ነው። ኖራማ መሬት ላይ ገብሱ አረንጓዴ ሆኖ ማሽላው ቢነጣ መሬቱ ለማንም አላዳላም። ልዩነቱ የተፈጥሮ ነው፤ የዘር ነው።

በአንድ ሰብል ውስጥም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካ ውስጥ የታተመ የአኩሪ አተር ጥናት ብረትን የመጠቀም ችሎታ በአንድ ዘረ መል እንደሚወሰን አሳይቷል። ቅጠሉ በቢጫ መስመር የሚሸነተር በቆሎም አለ። ብረቱን ወደ ሥር የሚያስገባው ዘረ መል ስለተበላሸበት፣ አጠገቡ ያለው በቆሎ የሚጠግብበት አፈር ላይ እሱ ይራባል። ስለዚህ ያ ቆቦ ላይ «ዘሩ ነው» ያለው ገበሬ የማይሆን ነገር አልተናገረም።

ግን እንዲህ ዓይነቱ ዘር በየማሳው አይገጥምም። ለገበያ በወጣ ምርጥ ዘር ውስጥ ይህን ያህል የተበላሸ ዘረ መል ማግኘት ብርቅ ነው፤ ገና ሙከራ ላይ ሳለ ይወድቃላ። የሚያጋጥመን ቀለል ያለ ልዩነት ነው፤ አንዱ ዝርያ ትንሽ ፎስፈረስ ይበቃዋል፣ ሌላው አይበቃውም። ይህ ደግሞ የሚታየው መሬቱ ሲሳሳ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ቅጠሉን ማየት ይበጃል። ናይትሮጅንና ማግኒዚየም በተክሉ ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ። ሲያጥሩ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ስለሚሰጥ ቢጫው ከታች ይጀምራል። ብረት አይንቀሳቀስም፤ ሲያጥር የሚነጣው አናቱ ላይ ያለው ለጋ ቅጠል ነው። የታች ቅጠል ወይቦ አናቱ ደህና ከሆነ ባለሙያው ናይትሮጅን ስለሚሰጠው ዩሪያ የተናገሩት ሳይሻል አይቀርም። ወይን ጠጅ ቀለም ግን ያሳስታል። ፎስፈረስ ሲያጥር ቅጠሉ ወደዚያ ቀለም ይሄዳል። ብዙ የማሽላ ዝርያዎች ደግሞ ቅጠላቸው ሲቆስል በተፈጥሯቸው ወይን ጠጅ ያወጣሉ፤ ምንም አልጎደላቸውም።

ጃማና ወረኢሉ ላይ ሌላ ታሪክ አለ። ዋልካው ዝናቡን ይዞ አይለቅም። ስንዴው ውሃ ላይ ቆሞ ሥሩ አየር ያጣል፤ ናይትሮጅኑም ወደ ጋዝ ተለውጦ ይበናል። ከዚያ ስንዴው ይወይባል። እዚያ ላይ ዘር መቀየርም ዩሪያ መጨመርም ገንዘብ መበተን ነው። ሰፋ ባለ መደብ ላይ ዘርቶ ውሃውን በፈሰስ ማስወጣት ይቀድማል።

ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር ደግሞ አለ። ጥፋቱ የዘሩ ሆኖ በዘረ መል ላይሆን ይችላል። በተራበ መሬት ላይ ያፈራ ፍሬ ራሱ ፎስፈረሱና ዚንኩ ያንሳል። ያን ፍሬ ለዘር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ ደካማ ቡቃያ ያያል። ዝርያው አልተበላሸም፤ ስንቁ ነው ያነሰው። ያንኑ ዝርያ ደህና መሬት ላይ አንድ ጊዜ ቢያፈሩት ይመለሳል። «የአካባቢ ዘር ደክሟል» እየተባለ ከተጣለው ውስጥ ስንቱ እንዲህ እንደነበር ማን መረመረ?

አሁን የማሽላን ሥር እየጠባ ወደሚኖረው አረም፣ ወደ አቀንጭራ ልምጣ። በዘርና በአፈር መካከል ያለውን ጉዳይ ወሎ ላይ ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ የለም። አቀንጭራ የያዘው ማሽላ ከሩቅ ሲታይ ማዳበሪያ ያጣ ይመስላል። ይወይባል፣ ይቀጭጫል። አረሙ ከመሬት ሳይወጣ ገና ከሥር ሆኖ ስለሚጠባው ባለማሳው የሚጠረጥረው አፈሩን ነው። በአንድ በኩል እውነት አለው። ማሽላ ፎስፈረስ ሲያጥረው ሥሩ ስትሪጎላክቶን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል። የሚለቀው ፎስፈረስ የሚያቀብሉትን የአፈር ፈንገሶች ለመጥራት ነው። አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የቆየው የአቀንጭራ ዘርም ያንኑ ይጠብቃል። ወዳጅ ሲጠራ ጠላት ሰምቶ ይበቅላል። መሬቱ በተራበ ቁጥር ጥሪው ይበዛል፤ አቀንጭራውም ይበረታል።

ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ሲያገኙ ዋናው ሥራቸው አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ማውጣት ነበር። ጎብዬና አብሽር የሚባሉት ዝርያዎች የመጡት ከዚያ ሥራ ነው። የእነዚህ ማሽላዎች ሥር አቀንጭራን የሚቀሰቅሰውን ጥሪ እንደሌላው አይለቅም። እና አንድ ማሳ ላይ ከአካባቢው ዘር ጎን ብትዘራቸው አንዱ ወይቦ ሌላው አረንጓዴ ሆኖ ታያለህ። ዘሩ ነው? አዎ። አፈሩስ? አፈሩ ባይራብ ኖሮ ልዩነቱ ይህን ያህል አይሰፋም ነበር። ለዚህ ነው ያ ክርክር ሁለቱም ወገን ሳይሸነፍ ዓመት ዓመት የሚመለሰው።

ወደ ዘር አከፋፋዩ ልመለስ። ዝርያ ለገበሬ ከመውጣቱ በፊት የሚሞከረው ባብዛኛው የተመከረው ማዳበሪያ ተጨምሮበት ነው። አመክንዮው ይገባኛል፤ ዝርያው የሚችለውን ያህል ማፍራቱን ማየት ይፈልጋሉ። ግን የጠገበ ማሳ ላይ ሆዳሙና ቻዩ ዝርያ አይለዩም። ሩዝ ላይ የታየውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ በሆነ ጥናት ካሳላት ከሚባል የቆየ የሕንድ ዝርያ አንድ ዘረ መል ተገኘ። ሥሩ ገና ከጅምሩ እንዲሰፋና በፎስፈረስ ድሃ በሆነ መሬት ላይ እንዲያፈራ ያግዛል። ብዙ ዘመናዊ ዝርያዎች ውስጥ ሲፈለግ ግን የለም። የኔ ግምት ግልጽ ነው፤ ማዳበሪያ ባልጎደለበት ማሳ ላይ ሲመረጡ የኖሩ ዝርያዎች ናቸው፣ መጥፋቱን ማንም አላስተዋለም።

ወሎ በዚህ ድሃ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1973 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ ከተሰበሰበ ማሽላ ውስጥ ላይሲን የበዛባቸው ሁለት ዝርያዎች ማግኘታቸውን አስታወቁ። ላይሲን ተራ ማሽላ የሚያንሰው የፕሮቲን ክፍል ነው፤ ይህም እጥረት የዘር ነው፣ ብቻ የሚጎዳው በሊታውን ነው። ሁለቱም የመጡት ከዚሁ ከወሎ ነበር። ወተት በጉንጬ የምንለው ማሽላ ከዚህ ወገን ነው። ፍሬው ጭምድድ ያለ፣ ምርቱ ያነሰ ነው። በምርት ብቻ ቢመዘን ኖሮ ድሮ ተጥሎ ነበር። ገበሬው ግን ከሌላው ጋር ቀላቅሎ እየዘራ፣ እሸቱን እየጠበሰ አቆየው። ለፎስፈረስ የሚችል፣ ኖራማ መሬት የማይበግረው ዘርስ በስንቱ ጎታ ውስጥ አለ? ያልተፈተነ ዘር ይህን አይናገርም።

ገበሬው በራሱ ማሳ የሚያደርገው ፍተሻ ቀላል ነው። የተጠረጠረውን ዘርና የጎረቤቱን ዘር አንድ ማሳ ላይ በተጎራባች መስመር ይዝራ። ማዳበሪያውም ቀኑም አንድ ይሁን። ሁለቱም ከወየቡ ዘሩን መውቀስ ይቅር። አንዱ ብቻ ከወየበ ነገሩ ከዘሩ ጋር ነው፤ ስንቅ ያነሰው ፍሬ ይሁን ዝርያው ራሱ የሚለየው ከሌላ ቦታ ያንኑ ዝርያ አምጥቶ በመድገም ነው።

የምርምር ማዕከሎቹስ? ሲሪንቃ ለዚህ ከማንም በላይ ቅርብ ነው። እያንዳንዱ አዲስ ዝርያ ከተመከረው ማዳበሪያ ጎን ምንም ባልተጨመረበት መደብም ይታይ። ቆቦ ላይ ለማሽላው፣ ጃማ ላይ ለስንዴው። የሁለቱም ውጤት ዝርያውን በሚያስተዋውቀው ወረቀት ላይ ይውጣ፤ ማዳበሪያ መግዛት ያቃተው ሰው ሁለተኛውን ቁጥር አይቶ ይምረጥ። ለመስክ ቀን ገበሬው የሚጠራውም ነሐሴ ላይ ይሁን። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሲጠራ የሚታየው ዘለላው ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ የሁሉም ቅጠል ቢጫ ነው።