የሜሪ ወንዝ ኤሊ «ፀጉር» አልጌ ነው

ስለ አተነፋፈሱና ስለ ጎጆው ጥበቃ ያወጣችሁት ጽሑፍ የአውስትራሊያውን የሜሪ ወንዝ ኤሊ «ባለ አረንጓዴ ፀጉር» ማለቱ ይታረም። ከጽሑፉ ጋር በወጣው ፎቶ አናቱ ላይ የቆመው አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዕፅዋት መሰል ነገር) ነው፤ አብዛኞቹ ጭራሽ የላቸውም። «በመቀመጫው ይተነፍሳል» የተባለው ግን እውነትነት አለው። ጅራቱ ሥር ባለው ቀዳዳ ውሃ ያስገባና፣ ውስጥ ያሉት በደም ሥር የተሞሉ ከረጢቶች ኦክስጅኑን ይወስዳሉ። ሳንባም አለው። ይህ አተነፋፈስ የሚያዋጣው ኦክስጅን በበዛበት ወራጅ ውሃ ነው። ግድብ ውስጥ በተኛ ውሃ ቶሎ ቶሎ ወደ ላይ መውጣት ግድ ይሆንበታል፣ ትንንሾቹም ለአዳኝ ይጋለጣሉ። በ2009 እ.ኤ.አ. በሜሪ ወንዝ ላይ ሊሠራ የታቀደው የትራቬስተን ግድብ መከልከሉ ትልቅ እፎይታ የሆነው ለዚህ ነው።

ስለ ጎጆ ጥበቃ ያላችሁት አጥሯል። ወንዙ ዳር አሸዋ ውስጥ የተቀበረውን እንቁላል ቀበሮና ውሻ ቆፍረው ይበሉታል፣ ከብትም ይረግጠዋል። ከላይ የሚደረገው መረብ ቀዳዳው ጫጩት የሚያሳልፍ፣ የቀበሮ አፍ የማያስገባ መሆን አለበት። ጠርዙም በደንብ ይቀበር፤ አለዚያ ቀበሮው ከጎን ቆፍሮ ይገባል። ፈቃድ ያለው ባለሙያ እንቁላሉን ማዛወር ካለበት አናቱን በእርሳስ ምልክት አድርጎ ሳያገላብጥ ያንሳ። ፅንሱ ከቅርፊቱ ጋር ከተጣበቀ በኋላ ከተገለበጠ ሊሞት ይችላል።