ሟቹ ወዳጄ ነበር

ጥላሁን ገሠሠ ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ ፋሲካ ስለነበር ቀኑን የሚረሳው የለም፤ የበዓሉ ዶሮ ተበልቶ ሳያልቅ መርዶው ተሰማ። የጎረቤቴ ልጅ ያን ጊዜ ገና ዳዴ ይል ነበር። ዘንድሮ ግን በሙት ዓመቱ ይኸው ልጅ ጥላሁንን አቅፎ የተነሣውን ፎቶግራፍ በስልኩ ለዓለም ሁሉ አሠራጨ። ከሥሩም «ወንድሜ ጥላዬ፣ አብረን ያሳለፍነው ጊዜ ከልቤ አይጠፋም» ብሎ ጽፏል።

ፎቶግራፉን የሠራው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር ነው። ሁለቱም ይሥቃሉ፤ ከኋላቸው የጦሳ ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል። ደሴን የሚያውቅ ሰው ከዚህ ወዲያ ማስረጃ አይፈልግም። ጦሳ ለእኛ ለተወላጆቹ እንኳ ከጉሙ ወጥቶ የሚታየው በስንት ልመና ነው። ልጁን ቤታቸው ቡና ስንጠጣ አግኝቼ «ለመሆኑ መቼ ተገናኛችሁ?» ብለው፣ ሳያፍር «ጋሼ፣ በመንፈስ ነው» አለኝ። እናቱም አቦሉን እየቀዱ «ልጄ እኮ ሰው ይወዳል» አሉ።

ከማን ተማረው እንዳልል ከእኛው ነው። እዚህ አገር ድምፃዊ ሲሞት በአንድ ሌሊት የሚበዛለት ወዳጅ ነው። አስናቀች ወርቁ በመስከረም 2004 ዓ.ም. ስታርፍ፣ ክራርን ከበገና የማይለይ ሁሉ የክራር ሊቅ ሆኖ ሰነበተ። ዓለማየሁ እሸቴ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ሲከተላት ደግሞ በወጣትነቱ የዓለማየሁን ፀጉር አበጣጠር ያልተከተለ ሽማግሌ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ታጣ። ከልጅነታቸው ጀምሮ መላጣ የነበሩ ሰው ሳይቀሩ ማበጠሪያቸውን አስታወሱ።

እኛ ወሎዬዎች ደግሞ የራሳችን አመል አለን፤ ሟቹን እንወልደዋለን። ሰውየው የትም ተወልዶ የትም ይደግ፣ ቀብሩ ሳይፈጸም «በእናቱ በኩል እኮ የወረኢሉ ሰው ነው» የሚል አይጠፋም። ይህን ድፍረት ከየት እንዳመጣነው አውቃለሁ። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በቦታዎቻችን ስም ይጠራሉ፤ የቀሩትን ትዝታንና አንቺ ሆዬንም ቢሆን ከእኛ ቤት ወጥተው የሄዱ ልጆች አድርገን ነው የምናያቸው። ቅኝቱ የእኛ ከሆነ ዘፋኙ የማን ሊሆን ነው? በዚህ ስሌት እስከ ዛሬ ወሎ ውስጥ ዘመድ ሳይኖረው የሞተ ድምፃዊ የለም።

አንድ የምወደው ተረት አለ፦ «ወርቅ ላበደረ ጠጠር፣ እህል ላበደረ አፈር»። አባቶቻችን ቴፕ ስላልነበራቸው እንጂ ሦስተኛ ሐረግ ይጨምሩበት ነበር። እኔ ካሴት አበድሬ ምን እንደተመለሰልኝ ልንገራችሁ።

ካሴቱ የጥላሁን ነበር፣ ኦርጂናል። ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ከቅጂ ቅጂ እየተቀዳ፣ ድምፃዊው ጉንፋን የያዘው እስኪመስል የደከመ ካሴት ይሰማ ነበር። እኔ ግን ባለ ፎቶውን፣ ከነማቀፊያው ገዛሁ። በጨርቅ እጠርገዋለሁ። የባትሪ ድንጋይ እንዳይደክም በእስክሪብቶ አጠነጥነዋለሁ፤ የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ይሰጣል እንዳይባል ደሴ ውስጥ ፀሐይ የምትወጣው በወረፋ ነው። ይህን ካሴት የዛሬው ባለ ፎቶግራፍ ልጅ አባት «ለአንድ ሌሊት» ብሎ ተዋሰኝ። የመለሰልኝ ከሠርጉ በኋላ፣ ከቁራሽ ድፎ ዳቦ ጋር ነው። ቴፑ ውስጥ ከተትኩት። እልልታ! ቀጥሎ ከበሮ፤ ቀጥሎ የሚዜዎች ሆታ፤ ቀጥሎ የአንድ አዛውንት ረጅም ምርቃት። ጥላሁን የለም።

«በስሕተት ነው፣ ወንድሜ» አለኝ። እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ዛሬ ሰላም ነበርኩ። ነገር ግን ኦርጂናል ካሴት በላዩ ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት ጀርባው ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ተነቅለው ነው የሚሸጠው። በላዩ መቅዳት የፈለገ ሰው ቀዳዳዎቹን መድፈን አለበት። ገልብጬ ባየው ሁለቱም ቀዳዳዎች በሲጋራ ብርማ ወረቀት ጥቅጥቅ ተደርገው ተደፍነዋል! በስሕተት ወረቀት ቀደደ፣ በስሕተት አጠፈ፣ በስሕተት ጠቀጠቀ፣ በስሕተት «ቅዳ» የሚለውን ቁልፍ ተጫነ። ጥላሁን በ2001 ዓ.ም. ሞተ ይባላል፤ በእኛ ሰፈር ግን ቀደም ብሎ ነው የሞተው፣ ገዳዩም ይታወቃል። ይኸው ሰው በየዓመቱ ሚያዝያ 11 ሲደርስ ነጠላውን አዘቅዝቆ «ወይ ጥላሁን!» ሲል ከማንም በላይ ይሰማል።

የካሴቱ ነገር ይብቃ። አይበቃም፣ ግን ይብቃ።

የባሰ የሚያናድደኝ ሌላ ነው። አንድ አንጋፋ ድምፃዊ ታሞ ለመታከሚያ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ሲነገርለት አገሩ እረጭ ይላል። ያ ሁሉ «ወንድሜ» የሚል ሰው የት እንደሚገባ አላውቅም። ሰውየው ሲሞት ሁሉም ሻማ ይዞ ይወጣል። እዚሁ ከተማችን ምግብ ቤት ውስጥ ማሲንቆ የሚመታውን ሰው ተመልከቱት። ድሮ ግጥም ያቀበለው ሰው ተነሥቶ ብሩን ግንባሩ ላይ ይለጥፍለት ነበር። አሁን ሁሉም ስልኩን ደግኖ ይቀርጸዋል፤ እጁ ስለተያዘ ወደ ኪሱ አይገባም። ያንን ምስል ለመቼ እንደሚያስቀምጡት አውቃለሁ፣ ለቀብሩ ቀን ነው!

በደርግ ዘመን የወሎ ላሊበላ ኪነት ቡድን ነበረን። ማሪቱ ለገሰን ሁላችንም እናውቃለን፤ አምባሰልን ከእሷ ድምፅ ለይቶ የሚሰማ ወሎዬ አላጋጠመኝም። ከበሮውን ይመታ የነበረው ማን ነው? ዋሽንቱንስ? ከኋላ ቆመው ሲያጨበጭቡ ያመሹት ሴቶች ስማቸው ማን ይባላል? ቡና ላይ ጠየቅሁ። ያ ሁሉ የሟቾች ዘመድ ስኒውን እያሽከረከረ ዝም አለ። አንዳቸው ነገ ቢሞቱ ግን የአያታቸውን ቀበሌ ሳይቀር እንነግራችኋለን።

ልጁ ሰሞኑን ወደ እኔ መጥቶ ነበር። «ጋሼ፣ የአባቴና የእናቴ ሠርግ ድምፅ ያለው እርስዎ ዘንድ ብቻ ነው፤ ቢሰጡኝ በኮምፒውተር አጥርቼ ለቤተሰቡ አካፍለው ነበር» አለኝ። መጀመሪያ አባትህ ጥላሁንን ይመልስልኝ አልኩት። ማታውኑ አባትየው ሁለት ሽማግሌ ላከ። እስከ በረካው ተከራከርን፤ እነሱ ሠርጉ የእኛ ነው ይላሉ፣ እኔ ካሴቱ የእኔ ነው እላለሁ። አንደኛው ሽማግሌ «እስቲ ድምፁን ሰምተን እንፍረድ» ብለው ቴፑን ወደ ራሳቸው ሳብ ሲያደርጉ ነው በዚያ ሠርግ ላይ ሚዜ እንደነበሩ ትዝ ያለኝ። ገለልተኛ ዳኛ እስኪመጣ ካሴቱ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉም አንገቴ ላይ።