ብርቱካናማው ስኳር ድንች የሚጠፋው በበጋ ነው

በሲዳማና በወላይታ ብዙ ቤተሰብ በቆሎው እስኪደርስ ያለውን ክፉ ጊዜ የሚያልፈው በስኳር ድንች ነው። ነጩ ዝርያ ግን ሆድ ይሞላል እንጂ ቫይታሚን ኤ የለውም ማለት ይቻላል። የሐዋሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው ዝርያዎች ኩልፎና ቱላ ውስጣቸው ብርቱካናማ ነው። ቀለሙ የደመቀ አንድ አነስተኛ ድንች፣ 125 ግራም ያህል፣ ለአንድ ሕፃን የቀኑን ቫይታሚን ኤ ይሸፍናል።

ታዲያ በየጓሮው ለምን አልዘለቀም? ስኳር ድንች የሚተከለው በሐረግ ቁራጭ ነው። ዝናብ ሲገባ ሐረግ ይታደላል፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ግን ፀሐይ ያደርቀዋል፣ የተረፈውን ከብት ይግጠዋል። በልግ ሲመጣ ገበሬው እንደገና እጅ ይጠብቃል። የግብርና ጽሕፈት ቤቶች የታደለውን ቁራጭ ከሚቆጥሩ በየካቲት ሐረግ ያለበትን ጓሮ ቢቆጥሩ ይሻላል።

ማቆየቱ ውድ አይደለም። ምርት ሲነሳ ያልቆሰሉ፣ ነቀዝ ያልነካቸው መካከለኛ ድንቾች ተመርጠው ሳፋ ውስጥ በደረቅና በቀዘቀዘ አሸዋ ይደረደራሉ። እርስ በርስ መነካካት የለባቸውም፤ የአንዱ ብስባሽ ወደ ሌላው ይዛመታል። በየወሩ እያዩ የተበላሸውን ማውጣት ያስፈልጋል። ዝናቡ ሊገባ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲቀረው ያጎነቆሉትን በታጠረ መደብ ተክሎ ማጠጣት ነው። ከአንድ ድንች እስከ 40 ቁራጭ ሊገኝ ይችላል። ቅጠሉ የተጨማደደ ወይም የተዥጎረጎረ ሐረግ ቫይረስ ይዞት ሊሆን ስለሚችል ለተከላ አይቆረጥ።

የሚተከለው ቁራጭ 30 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሁለት ሦስተኛው ይቀበራል፤ በመስመሮች መካከል 60፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ይተዋል። መሬቱ ሲሰነጠቅ ነቀዙ በስንጥቁ ገብቶ ድንቹ ላይ እንቁላሉን ይጥላል፤ አፈር ማስታቀፍ የማይታለፍ ሥራ የሆነው ለዚህ ነው።

አዋቂዎች ብርቱካናማውን «ውሃ ውሃ ይላል» ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ ከነጩ ይልቅ እርጥበት ይበዛዋል። ልጆች ግን ይወዱታል፤ ስለዚህ ነጩን ሳይነቅሉ ለልጆቹ የሚሆን ጥቂት መስመር መጨመር ይበቃል።

ድንቹ ከነልጣጩ፣ ድስቱ ተከድኖ ይቀቀል። ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን ሲፈጭ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይት ይግባበት፤ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ብርቱካናማ ንጥረ ነገር፣ ቤታ ካሮቲኑን፣ ሰውነት በደንብ የሚወስደው ከቅባት ጋር ነው። ለዱቄት የተከተፈውን ደግሞ ጥላ ሥር ማድረቅ ነው፤ ፀሐይ ቤታ ካሮቲኑን ይቀንሰዋል። ዱቄቱም ሲከርም ኃይሉ እየቀነሰ ስለሚሄድ ጥቂት ጥቂት እያዘጋጁ ቶሎ መጨረስ ይሻላል።