የዓሣው ጭንቅላት ሁሉ ለአባ ኮዳ አይጣል

ጠዋት ሀዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ጀልባዎቹ ይገባሉ፤ ቆሮሶው (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ይገፈፋል፤ ሥጋው ለጥብስ፣ ለዱለት ይሄዳል። ለሾርባ ያልተፈለገ ጭንቅላት አባ ኮዳ ለሚባለው ትልቅ ወፍ ይወረወራል። እኔ የምከራከረው ስለዚህ ጭንቅላት ነው። ከሚጣለው ውስጥ ጥቂቱ ተመርጦ ለጥናት ይቀመጥ።

ምክንያቱም የዓሣ ጭንቅላት ውስጥ፣ ከአንጎሉ አጠገብ፣ ሦስት ጥንድ የጆሮ ድንጋዮች አሉ። ባለሙያዎች ኦቶሊት ይሏቸዋል። ዓሣው የሚሰማውም ሚዛኑን የሚጠብቀውም በእነሱ ነው። ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠሩ ናቸው፤ ከዓሣው ጋር አብረው ያድጋሉ። ከደህና ቆሮሶ የሚወጣው ትልቁ ድንጋይ የምስር ክክ ቢመስል ነው። ገልበጥ አድርጎ በአጉሊ መነጽር ላየው ሰው ግን በአንድ በኩሉ የተቀረጸ ቦይ አለው። የቦዩ ርዝመትና ስፋት፣ የድንጋዩ ዙሪያ ቅርጽ ከዝርያ ዝርያ ይለያል።

ይህ እውቀት ምን ያህል ሩቅ እንደሚያስኬድ ለማየት የፋኖስ ዓሦችን እንውሰድ። የባሕር ዓሦች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከአንድ እስክሪብቶ አይረዝሙም። ቀን በመቶዎች ሜትር ጥልቀት ጨለማ ውስጥ ይውላሉ፤ ማታ ወደ ላይ ወጥተው ይመገባሉ። ዛሬ ወደ 250 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉ። እነሱን ለመለየት ሰውነታቸው ላይ ያሉት ብርሃን ሰጪ ነጠብጣቦች አሰላለፍ ይታያል። ከጠፉት ዝርያዎች ግን ብርሃኑ የለም። ስስ አጥንታቸውም አብዛኛውን ጊዜ ፈርሷል። በደለሉ ውስጥ በብዛት የቀረው የጆሮ ድንጋያቸው ነው። ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የኖረ ዓሣ ስም የሚያገኘው በዚያች ድንጋይ ነው።

ሥራው ቀላል አይደለም። ዲያፈስ በሚባለው የፋኖስ ዓሣ ወገን የድንጋዩ የታችኛው ጠርዝ ላይ ጥቃቅን ጥርሶች ይታያሉ። ድንጋዩ ዓሣውን በበላ አዳኝ እንስሳ ሆድ ውስጥ ካለፈ ግን አሲዱ ያሟሟቸዋል። የጫጩት ዓሣ ድንጋይ ደግሞ መለያ ምልክቱ ገና አልወጣም። ስለዚህ በአንድ በተፋቀ ድንጋይ ብቻ አዲስ ዝርያ አገኘሁ ማለት ተገቢ አይመስለኝም። ከትንሽ እስከ ትልቅ ብዙ ድንጋይ ተሰብስቦ፣ በሕይወት ካሉት ጋር ጎን ለጎን መታየት አለበት።

እዚህ ላይ ነው ሀዋሳ የምትመጣው። ማነጻጸሪያ ከሌለ ማንም ምንም አይለይም። በኦሞና በአፋር የጥንት ደለል ውስጥ የዓሣ ቅሪት ይገኛል። ነገ እዚያ የጆሮ ድንጋይ ቢገኝ ከምን ጋር እናስተያየው? የፋኖስ ዓሣ ሐይቃችን ውስጥ የለም። ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ ግን አሉን። ሐይቁም ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ደመቀ አድማሱና ካስልማን በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የሀዋሳ ቆሮሶ የጆሮ ድንጋይ በዓመት ሁለት ቀለበት እንደሚያወጣ አሳይተዋል። ይህን ሳያውቅ ዕድሜውን ለማወቅ ቀለበት የሚቆጥር ሰው ዓሣውን በእጥፍ ያስረጀዋል። ዕድሜው ከተሳሳተ ደግሞ ስንት ዓሣ ይጠመድ የሚለው ስሌትም ይሳሳታል።

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከአጥማጆቹ ጋር ተነጋግረው ጭንቅላት ይውሰዱ። ድንጋዩን በወረንጦ አውጥተው፣ አጥበው፣ አድርቀው በወረቀት ፖስታ ያስቀምጡ። ኮምጣጤም ሆነ ሌላ አሲድ እንዳይነካው። ፖስታው ላይ የዓሣው ዓይነት፣ ርዝመት፣ ክብደት፣ ጾታ፣ ቀንና የተያዘበት ቦታ ይጻፍ። ይህ ከሌለ ድንጋዩ ብቻውን ብዙም አይጠቅም። አምባዛ ላይ ሲደርሱ ይጠንቀቁ፤ በቆሮሶ ትልቅ የሆነው ድንጋይ በእሱ ቀጭንና ተሰባሪ ነው፤ የሚፈለገው ላፒለስ የሚባለው ሌላ ጥንድ ነው። መረቡ የት እንደተጣለ ከአጥማጁ በላይ የሚያውቅ የለምና፣ እሱ ከፈቀደ ስሙም ፖስታው ላይ ይስፈር።